የማሽን ስዕላችሁን መያዣ የሚያደርግ ውል አትፈርሙ

በጅማና በአካባቢዋ የእሸት ቡና መፈልፈያ፣ ወፍጮ፣ የብረትና የእንጨት ዕቃ ለምታመርቱ ሁሉ፦ ሰሞኑን በየወርክሾፑ እየዞረ የሚቀርብ አንድ የሽያጭ ውል አለ። የሚሸጠው የምርት ሕይወት ዑደት አስተዳደር፣ በአጭሩ ፒ.ኤል.ኤም. የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ውሉን እስከ መጨረሻው አባሪ ሳታነቡ እንዳትፈርሙ።

ሶፍትዌሩ ራሱ ክፉ አይደለም። የአንድን ምርት ስዕል፣ የክፍሎቹን ዝርዝር፣ ማን ምን እንደለወጠና ማን እንዳጸደቀ ከመጀመሪያው ንድፍ እስከ ጥገና ድረስ በአንድ ቦታ ይይዛል። የሻፍቱ ውፍረት ከተለወጠ አብሮ መለወጥ ያለበት ኩሽኔታ የትኛው እንደሆነ ያሳያል፤ ቶርኖ ላይ የቆመው ሠራተኛ በአሮጌ ስዕል ብረት እንዳያበላሽ ይረዳል። የምሠራበት ድርጅትም የገዛው ለዚሁ ነበር።

መርዙ ያለው ውሉ ውስጥ ነው። ዋጋው በዶላር ተጽፎ በየዓመቱ በዕለቱ ምንዛሪ በብር ይከፈላል ይላል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እኛ መፈልፈያ የምንሸጠው ለገበሬና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ በብር ነው። ዋጋውን በአንድ ክረምት እጥፍ ማድረግ አይቻልም። ክፍያው እንዲከፋፈልልን በደብዳቤ ጠየቅን፤ ሻጩ ወደ ሶፍትዌሩ መግቢያውን ዘጋብን። ያውም በጥቅምት፣ የቡና ለቀማ ተጀምሮ፣ ከጎማና ከማና ወረዳዎች የተሰበረ የመፈልፈያ ሲሊንደር ይዘው የመጡ ደንበኞች በር ላይ ቆመው እያለ! የራሳችን ባለሙያዎች የሳሉትን ስዕል መክፈት አቃተን።

ስዕሎቻችን ይመለሱልን ስንል፣ መረጃ ማውጣት የተለየ ክፍያ የሚጠየቅበት አገልግሎት ነው ተባልን። አባሪው ላይ እንዲህ የሚል አንቀጽ በእርግጥም አለ። ከፍለን የተሰጠን ደግሞ የወረቀት ቅጂ የሚመስል ፋይል ነው፦ ልኬቱ የማይስተካከል፣ ከክፍሎቹ ዝርዝር ጋር የነበረው ትስስር የተቆረጠ፣ የለውጥ ታሪኩ የጠፋ። ቴክኒሻኖቻችን የገዛ ማሽናቸውን ፈትተው በካሊፐር እየለኩ እንደገና ሲስሉ ማየት አንጀት ያሳርራል። ለእኔ ይህ በደል ነው።

ሻጮቹ የአውሮፕላን ፋብሪካ ምስል ማሳየት ይወዳሉ፤ ታሪኩን ግን በሙሉ አይነግሯችሁም። የአውሮፕላን አምራቹ የኤርባስ የሃምቡርግና የቱሉዝ መሐንዲሶች የአንድ ካድ (በኮምፒዩተር ንድፍ የሚሳልበት) ሶፍትዌር የተለያዩ እትሞችን ይጠቀሙ ስለነበር፣ ለኤ380 አውሮፕላን የተዘጋጀው የኤሌክትሪክ ሽቦ በቦታው አልገጥም አለ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው መዘግየት ወደ ሁለት ዓመት ተጠጋ። ኤርባስ ያን ኪሳራ ተሸክሞ ቆመ። ሃያ ሠራተኛ ያለው ወርክሾፕ ግን አንድ የቡና ወቅት ካመለጠው ደመወዝ የሚከፍልበት የለውም።

ሻጩ አስቀድሞ ባዘጋጀው ናሙና አትርኩ። የአንድ ማሽናችሁን ሙሉ ስዕል ስጡትና ያስገባ፤ አንድ ክፍል እንዲለውጥ አድርጉ፤ ከዚያ ሁሉንም ፊታችሁ መልሶ ያውጣ። ዋናው የካድ ፋይል፣ በስቴፕ የተቀመጠ ቅጂ፣ የክፍሎች ዝርዝርም በተራ ሠንጠረዥ መውጣት አለባቸው። ስቴፕ በአይ.ኤስ.ኦ. 10303 የተደነገገ ዓለም አቀፍ የፋይል ዓይነት ነው፤ ንድፉ እንዴት እንደተሠራ ባይናገርም ቅርጹንና መጠኑን ይጠብቃል፣ ፍሪካድ የተባለው ነፃ ሶፍትዌርም ይከፍተዋል። ሻጩ ይህን ማድረግ ከቻለ፣ ክፍያ ቢቋረጥም ያለ ተጨማሪ ዋጋ እንደሚያስረክብ በውሉ ይጻፍ። አልጽፍም ካለ አሰናብቱት። መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋ ስዕሉ እንዴት እንደሚከፈትም ጠይቁ። ለጊዜው ለእያንዳንዱ ክፍል ቋሚ ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ ለውጥ የእትም ምልክት፣ የሚያጸድቅ አንድ ሰው ካላችሁ የሥራው ትልቁ ክፍል ያለ ሶፍትዌርም ይሄዳል። የገንዘቡን አንቀጽ ጠበቃ፣ የቴክኒኩን ደግሞ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ኪቶ ፉርዲሳ፣ ያሉ የሜካኒካል ምህንድስና መምህራን ቢያዩላችሁ መልካም ነው።

አስቀድማችሁ ፈርማችሁ ከሆነ ዛሬውኑ፣ መግቢያው ክፍት እያለ፣ እያንዳንዱን ስዕል አውጥታችሁ በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች አስቀምጡ፤ አንዱ ከግቢ ውጭ ይቀመጥ። በሶፍትዌሩ ውስጥ ብቻ ያለውን የለውጥ ታሪክም በእጅ ቢሆን እንኳ መዝግቡ። የእድሳት ቀኑ ከመድረሱ በፊት ደግሞ የመረጃ ርክክቡን የሚመለከት ማሻሻያ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በስልክ የሚሰጣችሁን ቃል አትቀበሉ።