16 ሰዓት ተኩል ተብሎ የተሸጠልኝ ትኬት

አሁን ከትኬት ቢሮው ወጥቼ ታክሲ ውስጥ ነኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

እናቴ ከነገ ወዲያ ዋሽንግተን እህቴ ጋ ትሄዳለች። ጉልበቷን ያማታል፣ ብዙ መቀመጥ አትችልም። ስለዚህ ከዋጋው በፊት የጠየቅኩት ሰዓቱን ነበር። ቢሮዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ውሃ ይሰጧችኋል፣ "የኔ ቆንጆ" ይሏችኋል፣ "ይሄ ዋጋ እስከ ማታ ብቻ ነው" ይሏችኋል።

ልጅቷ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። "አውሮፕላን የማያስቀይረው 17 ሰዓት ይፈጃል፣ መሃል ላይ ነዳጅ ሊቀዳ ያርፋል" አለችኝ። እውነቷን ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ መንገደኛና ለ11,500 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን ሳያርፍ 13 ሰዓት ገደማ ነው። ይህን አውቅ ስለነበር አመንኳት። ያስበላኝም እሱ ነው።

"በፍራንክፈርት ያለው ግን..." አለችና እስክሪብቶዋን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። "ማታ 5 ሰዓት ተኩል ተነስታ በማግስቱ ከሰዓት 10 ሰዓት ዋሽንግተን ናት። ቁጠሪው፣ 16 ሰዓት ተኩል።"

ቆጠርኩ! እሷው ፊት በጣቴ ቆጠርኩ። ልክ ነው አልኩ። እኔ እኮ አካውንታንት ነኝ፣ የሰው ሂሳብ ሳመሳክር የምውል። ከፈልኩ።

ትናንት ማታ እህቴ ደወለች። "10 ሰዓት ያልሽኝ በኛ ነው በናንተ?" ክው አልኩ። የነሱ ከሰዓት 10 ሰዓት እኮ እዚህ ማታ 5 ሰዓት ነው። 23 ሰዓት ተኩል! ከዚያ ውስጥ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ፍራንክፈርት ወንበር ላይ። የ17ቱን ሲሆን ትክክለኛውን ሰዓት ነገረችኝ፣ ልትሸጥልኝ የፈለገችውን ሲሆን የአዲስ አበባን ሰዓት ከዋሽንግተን ሰዓት ቀነሰችልኝ።

ዛሬ ስሄድ ውሃም የለም፣ የኔ ቆንጆም የለም። ከስልኳ ቀና እንኳ አላለችም። "እህት፣ ትኬት ላይ የሚጻፈው የየአገሩ ሰዓት እንደሆነ ማንም ያውቃል።" ጎኗ የተቀመጠው ልጅ ሳቁን ዋጠ። ለመቀየር 28 ሺህ ብር ቅጣት። ከየት አምጥቼ?

እናንተ ስትገዙ "ጠቅላላ ጉዞው ስንት ሰዓት ነው?" በሉና አስጽፉ። ወደ ዋሽንግተን ከሆነ በነሱ በጋ 7 ሰዓት፣ በነሱ ክረምት 8 ሰዓት ደምሩበት።

እማዬ ቤት ዳቦ ቆሎ እያዘጋጀች ነው። ጠዋት ለጎረቤት "16 ሰዓት ብቻ ነው አሉ፣ አንዴ ተኝቼ መንቃት ነው" ስትል ሰማኋት። እስካሁን አልነገርኳትም።