ለጎጋን ሁለት መልስ፦ በካሜራና በግጥም

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፖል ጎጋን እ.ኤ.አ. በ1891 የፓስፊክ ደሴት ወደሆነችው ታሂቲ ከደረሰ በኋላ የሳላቸው ሴቶች የዓለም ሙዚየሞችን ሞልተዋል፤ የሴቶቹ ድምፅ ግን የለም። የሳሞአ (የሌላ የፓስፊክ ደሴቶች አገር) ዝርያ ያላቸው ሁለት ከያንያን፣ ዩኪ ኪሃራና ሰሊና ቱሲታላ ማርሽ፣ መልስ ሰጥተውታል፤ በየራሳቸው መንገድ።

ማርሽ ገጣሚ ናት። እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው መድበል ሠዓሊውን ፊት ለፊት ትወቅሰዋለች። ቁጣዋ አይሸፈንም፤ እሰየው ያሰኛል።

ኪሃራ ግን መቆጣቱን ትታ ማሾፉን መረጠች። እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ (ጣሊያን ውስጥ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ) ኒውዚላንድን ወክላ ባቀረበቻቸው 12 ፎቶግራፎች የጎጋንን ሥዕሎች በሳሞአ ምድር እንደ አዲስ አቀናበረቻቸው። የጎጋን ሞዴሎች በቆሙበት ፋአፋፊኔዎች ቆሙ፤ ወንድ ተብለው ተወልደው በሴት ወግ የሚኖሩ ሳሞአውያን ማለት ነው። ራሷም ፋአፋፊኔ ናት። ጎጋን አንዳንድ ሥዕሎቹን የቀዳው ከሳሞአ ፎቶግራፎች ነው ብላም ትሞግታለች። እንዲያ ከሆነ ካሜራዋ ተበዳሪውን ዕዳ እያስከፈለ ነው!

ለእኔ የኪሃራ ይበልጥብኛል፤ ሥዕሉን ሳይቀድ ባለቤቱን ይቀይርበታል። ግጥሙ ግን ቬኒስ ድረስ መሄድ አይጠይቅም፤ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ማንበብ ይበቃል።