ስፓይደርማን ቡፌ ላይ፦ የ15 ሳንቲሜትሩ ማርቨል ሌጀንድስ በጎንደር ቤት

ፍርዱን ከላይ እንናገረው፦ አሻንጉሊቱ ይገዛ፤ መቆሚያው ግን ለብቻው ይታሰብበት።

የአሻንጉሊት አምራቹ ሃዝብሮ ማርቨል ሌጀንድስ ስፓይደርማን ቁመቱ 6 ኢንች፣ ማለትም 15 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ገንዘቡ የሚወጣው ለመልኩ ሳይሆን ለመገጣጠሚያዎቹ ነው። ክርኑና ጉልበቱ ሁለት ቦታ ይታጠፋሉ፣ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ጎንም ያዘነብላል፣ ቁጢጥ ሲል ተረከዙ ቂጡን ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው። ይህን ሁሉ መታጠፍ ችሎ የሚሸከም መቆሚያ ግን አብሮት አይመጣም። ዋናው ቅሬታችን ይኸው ነው።

ከሳጥኑ እንደወጣ ማጣመም ስህተት ነው። የጎንደር ጠዋት ቀዝቃዛ ስለሆነ ፕላስቲኩ ይደርቃል፤ በቀለም የተጣበቀ መገጣጠሚያም በግድ ሲጠመዘዝ ይሰበራል። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው የእጅ አንጓ ነው፣ ምክንያቱም መዳፉን የያዘችው ዘንግ ቀጭን ናት። መፍትሔው ሙቅ ውኃ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ያም ቢሆን ለቀለሙ ይበዛበታል። ከእሳት ወርዶ ጥቂት ደቂቃ ይብረድ፤ 70 ዲግሪ ገደማ ሲሆን እጅና እግሩ ለአንድ ደቂቃ ይነከር። ከዚያ መገጣጠሚያው ትንሽ በትንሹ ወዲያና ወዲህ ይወዝወዝ። በሳጥኑ ውስጥ የተንጋደደ እግርም በዚሁ መንገድ ይቃናል፦ በሙቁ ይለሰልሳል፣ በእጅ ይስተካከላል፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በተስተካከለበት ይጸናል።

አቋቋሙ የሚጀመረው ከእግር ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ እጁን አሳምሮ ኋላ እግሩ አልቆም ሲለው ሁሉንም ያፈርሰዋል። ሁለቱም ውስጥ እግሮች መሬቱን በሙሉ መንካት አለባቸው። ጉልበት ሲከፈት የእግሩ ጠርዝ ከተነሣ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ አላዘነበለም ማለት ነው። ቀጥሎ ዳሌና ትከሻ ይስተካከላሉ፦ ዳሌው ወደ ግራ ካጋደለ ትከሻው ወደ ቀኝ ይሂድ። ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ሲያዩ ስፓይደርማን ወታደር ይመስላል። በሠርግ ቤት ሽለላ የሚያሰማ ሰው ያየ ይህ አይቸግረውም፤ አንድ እግር ወደፊት፣ ደረት ከፈት፣ አንገት ደግሞ ወደ ሌላ ወገን ነው። ራሱ መጨረሻ ላይ ይዞራል፤ የሚያየውም አንድ የተወሰነ ነገር ይሁን። ሶፋው ላይ የሚቀመጠውን ሰው ቢያይ ጥሩ ነው፤ ጣሪያ የሚያይ ጀግና የጠፋበት ነገር ያለ ይመስላል።

መዳፎቹ እንደ እትሙ ይለያያሉ፤ ድር የሚተፋው መዳፍ ካለ እሱን መጠቀም ነው። መሐል ያሉት ሁለቱ ጣቶች ታጥፈው ጠቋሚውና ትንሿ ጣት የተዘረጉበት ያ ምልክት ስፓይደርማን በ1962 ከወጣ በኋላ የኮሚክ ሠዓሊው ስቲቭ ዲትኮ በሣላቸው ገጾች የታወቀ ነው። ሁለቱንም እጅ እንደዚያ ማድረግ ግን ይበዛል፤ አንዱ የተጨበጠ ይሁን።

ወደ መቆሚያው እንመለስ። መሬት ላይ ለሚቆም አቋቋም ውስጥ እግሩ ላይ ያለው ቀዳዳ ይበቃል፤ ዘንግ ያለው ክብ መቀመጫ ከተገኘ እዚያ ይሰካል። ለሚዘል አቋቋም ወገብ የሚይዝ ክንድ ያስፈልጋል፣ እሱም አናጺ ቤት በቀላሉ ይሠራል። 10 በ10 ሳንቲሜትር የሆነ፣ 3 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የዋንዛ ቁራጭ ይያዝ (ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይሰነጠቃል)። 2 ሚሊ ሜትር ሽቦ በ30 ሳንቲሜትር ተቆርጦ 2 ሳንቲሜትር ያህሉ በተበሳው ቀዳዳ ይገባል፤ ጫፉ ወገቡን እንዲያቅፍ ይጠመዘዛል። ሽቦው ባዶውን ከሆነ ቀለሙን ይፍቃል። ብዙዎች የጉሉኮስ ቱቦ ያለብሱታል፤ አይመከርም፣ ምክንያቱም ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ ያለው ማለስለሻ ዘይት ወደ ቀለሙ ገብቶ ያጣብቀዋል። የጥጥ ፈትል መጠምጠም ይሻላል። ሽቦው የሚሰካው ከእንጨቱ መሐል ሳይሆን ከአሻንጉሊቱ ክብደት በተቃራኒ በኩል ነው፤ ወደፊት የሚዘል ከሆነ ቀዳዳው ወደ ኋላው ጠርዝ ይጠጋ፣ አለዚያ የቤቱ በር በተገፋ ቁጥር ይደፋል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የፕላስቲኩ ድር ግን ለዓይን እንጂ ለመሸከም አልተሠራም። ማንጠልጠል የፈለገ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር ይጠቀም፣ ያውም በሁለት ነጥብ፦ አንዱ ከወገብ፣ ሌላው ከትከሻ በታች። በአንድ ክር የተንጠለጠለ ቀኑን ሙሉ ይሽከረከራል።

ቦታው ቡፌ ከሆነ መልካም ነው፤ ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው ዓይን ትክክል የሚመጣው ከወለሉ 1 ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ዳንቴሉ ይነሣ፤ እግሩ ስር ሲታጠፍ ሚዛኑን ያሳጣዋል፣ ሽቦም ይይዛል። ጭቃ ግድግዳ ላይ መደርደሪያ በምስማር ብቻ መስቀል አያዋጣም፤ በክረምት እርጥበት ሲገባው ምስማሩ ይላላል። በመስኮት በኩል የሚገባው ፀሐይ ደግሞ በዚህ ከፍታ ኃይለኛ ነው፤ ቀዩ ይገረጣል፣ ነጩ ዓይን ይበልዛል።

ሰው የማይገምተው ጠላት የቡና ሥርዓቱ ነው። የእጣን ጭስ ቅባትነት አለው፤ አቧራ ሲደርብበት በጨርቅ የማይለቅ ቡናማ ሽፋን ይሆናል። ስለዚህ ከረከቦቱ በተቃራኒ ያለው ግድግዳ ይመረጥ፣ ወይም አሉሚኒየም ቤት የመስታወት ሣጥን ይታዘዝ፤ 4 ሚሊ ሜትር መስታወት፣ ውስጡ 25 በ25፣ ቁመቱ 35 ሳንቲሜትር ይበቃል። ሙሉ በሙሉ አይታሸግ፤ ከኋላ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተውለት፣ አለዚያ ከፕላስቲኩ የሚወጣው ማለስለሻ ከሣጥኑ ሳይወጣ ቀርቶ ገላውን ያጣብቀዋል። መብራቱ ኤልኢዲ ይሁን፤ የድሮው አምፖል በጠባብ ሣጥን ውስጥ መገጣጠሚያውን ያላላዋል።

ከኋላው የፋሲል ግንብን የድንጋይ ግድግዳ ፎቶ ማድረግ ያምራል፤ ሕትመቱ ግን በልኩ ይሁን። ይህ አሻንጉሊት የሰው 1/12 ነው፤ 2 ሜትር በር ወደ 17 ሳንቲሜትር ይወርዳል። ድንጋዩ ከጀግናው ጭንቅላት በላይ ገዝፎ ከታተመ ጀግናው ልጅ ይመስላል። ወረቀቱም የሚያብረቀርቅ አይሁን፤ መብራቱን መልሶ ዓይን ላይ ይረጨዋል።

የላላ መገጣጠሚያ ሲያጋጥም ሱፐር ግሉ ፈጥኖ እጅ ይገባል፣ አደጋውም ያው ፍጥነቱ ነው፦ ከደረቀ አይለቅም፣ እንፋሎቱም ቀለሙን ያነጣል። ነጩ የእንጨት ኮላ በትንሹ ይቀባ፣ እስኪደርቅ መገጣጠሚያው አልፎ አልፎ ይንቀሳቀስ። ለማጽዳት ለስላሳ ብሩሽ፣ ለብ ያለ ውኃና ጥቂት ሳሙና ነው። አሴቶን አይቅረበው፤ ቀለሙን ከነፕላስቲኩ ይበላዋል።