ሐይቁ የሕዝብ፣ መውረጃው የሪዞርት፦ ባቦጋያ ዳር የዋልንበት ቅዳሜ

ባለፈው ቅዳሜ አባቴንና ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ቢሾፍቱ ወረድኩ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሚኒባስ ይዘን በአሮጌው መንገድ፣ በዱከም በኩል ሄድን። አባቴ ቢሾፍቱን እስከ ዛሬ ደብረ ዘይት ነው የሚላት። ያደገው እዚያው፣ አየር ኃይል አካባቢ ነው። "ባቦጋያን አንዴ ልየው" ሲለኝ ከርሟል። እኔም ደመወዝ ሲገባ እወስድሃለሁ ብዬ ቃል ገብቼለት ነበር።

የገባንበትን ሪዞርት ስም አልጠራም። ሐይቁን የከበቡት ብዙ ናቸው፣ የምናገረውም የአንዱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ግን ቤተሰብ ይዞ ለመዋል የሚያስብ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አውቆ ይሂድ።

መግቢያው ለአዋቂ 600፣ ለልጅ 300 ብር ነው። በዚህ ዋጋ ዋና ገንዳው፣ የልጆች መጫወቻውና የሐይቁ ዳር ይካተታል። ጀልባ ለብቻው ይከፈላል። ይህን ደውዬ ጠይቄ ነው የሄድኩት። ያልጠየቅኩት የአገልግሉን ነገር ነበር።

ዶሮ ወጥ ፈትፍቼ በእናቴ አገልግል ይዤ ነበር። ቆዳው ጠቁሯል፣ ማንገቻውም ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል። አባቴ ስኳር ስላለበት የውጭ ምግብ አላበላውም። ጥበቃው ቦርሳዬን ከፍቶ አየና "እህቴ፣ ምግብ ከውጭ አይገባም" አለኝ። ስለ አባቴ ነገርኩት። አንገቱን ደፋ። "ትእዛዝ ነው እህቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? እኔ ጋ ይቀመጥልሽ፣ ስትወጪ ትወስጃለሽ።" ከዚያ አገልግሉን ጥላው ሥር ያለችው የገዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና እሱ ቆመ። ስንወጣም ቆሞ ነው ያገኘሁት። ለዚህ ሰው ያለኝ ምስጋና ልክ የለውም።

እኛ ስንነጋገር አባቴ ወደ እኛ አያይም ነበር። ከበሩ በስተግራ ያለውን የቆርቆሮ አጥር ነው የሚያየው። ቆይቶ ጥበቃውን ጠየቀው።

"ልጄ፣ ወደ ውኃው የሚያወርደው መንገድ የት ሄደ?"

"አባት፣ በዚህ ነው። ቲኬት ይቁረጡና ይወርዳሉ።"

"እሱን አይደለም የምልህ። ከብቱ የሚወርድበትን ነው።"

ጥበቃው ወጣት ልጅ ነው። ከብት የሚወርድበት መንገድ እንደነበረም የሚያውቅ አልመሰለኝም። አባቴ ግን በጣቱ እያሳየ ነገረው። ከብቱ በዚህ፣ ሴቶቹ እንስራ አዝለው በዚያ። ልጆቹ ደግሞ ልብሳቸውን ድንጋይ ላይ ጥለው ወደ ውኃው። "ማንም ወዴት ናችሁ ብሎን አያውቅም" አለ።

ባቦጋያን አይቶ ለማያውቅ አንድ ነገር ላስረዳ። ሐይቁ የተኛው እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጥልቀቱ ከ60 ሜትር ይበልጣል። ዙሪያው ቁልቁለት ነው። እንደ ሜዳ ሐይቅ በየትም በኩል ዘው አይባልበትም። ወደ ውኃው የሚያደርሱት የተወሰኑ መውረጃዎች ናቸው። ስለዚህ ውኃውን ለመያዝ ውኃውን ማጠር አያስፈልግም። መውረጃውን ማጠር ይበቃል። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 ላይ መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። በሊዝ የተሰጠው ከላይ ያለው ቦታ ነው፤ ከላይ ያለውን የያዘ ግን ከታች ያለውንም ያዘ ማለት ነው።

አሁን ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። ግቢው ንጹሕ ነው፣ ያውም በጣም። መጸዳጃ ቤቱ ውኃና ሳሙና ነበረው። ልጆች ዋና ገንዳው ውስጥ ሲገቡ ዓይኑን ከእነሱ የማያነሳ ሠራተኛ አለ። የሐይቁ ዳር በአንድ እርምጃ ስለሚጠልቅ ጀልባ ላይ ያለ ጃኬት ማንንም አያስወጡም። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ሙሉ አሳ ጥብስ ከዳጣ ጋር አዘዝን። አሳው ትኩስና ጥርት ያለ ነበር፣ ግን ሃምሳ ደቂቃ ጠበቅን። ሜኑ ላይ ያለው ዋጋ ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ ያልተጨመረበት መሆኑን ያወቅኩት ቢል ሲመጣ ነው። እዚህ ላይ ቅር ብሎኛል። ዋጋ ሲጻፍ አንዴ ሙሉውን መጻፍ ምን ይከብዳል?

አባቴ አሳውን ነካ ነካ አደረገና ተነሳ። ደረጃውን አንድ በአንድ ወርዶ የመጨረሻው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጫማውን ፈታ፣ ካልሲውን አጥፎ ጫማው ውስጥ ከተተ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ። ከዚያ በእፍኙ ዘግኖ ፊቱን ታጠበ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ልጄ "አያቴ በርዶታል?" አለኝ። አልበረደውም። ከሩብ ሰዓት በላይ እግሩን ውኃው ውስጥ አድርጎ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ ያደረገው ይህንን ብቻ ነው። ገንዳ አልገባም፣ ጀልባ አልፈለገም። 600 ብር የከፈልነው አደግሁበት በሚለው ውኃ ፊቱን እንዲታጠብ ነው።

ማታ ካሊፎርኒያ ላለው ወንድሜ ደውዬ ስነግረው "እዚህም እኮ ይሄው ክርክር ነው" አለኝና የማርቲንስ ቢችን ታሪክ አጫወተኝ። ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ደቡብ፣ ሃፍ ሙን ቤይ አጠገብ ያለ የባሕር ዳርቻ ነው። ሰርፈሮች፣ ማለትም ሰሌዳ ላይ ቆመው ማዕበል የሚጋልቡት፣ ይወዱታል። እዚያም ዙሪያው ገደል ነው፣ በየብስ የሚያስገባው መንገድ አንድ ብቻ ነው። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች የመኪና ማቆሚያ እያስከፈሉ ሰው ያስገቡ ነበር። በ2008 በፈረንጆች ቪኖድ ኮስላ የተባለው፣ ሰን ማይክሮሲስተምስ የሚባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ተባባሪ መሥራች ቦታውን በ32.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተዘጋ።

ባሕሩና ማዕበሉ የሚያርሰው አሸዋ በካሊፎርኒያ ሕግ የሕዝብ ነው። ችግሩ እንደኛው መድረሻው ነው። ሰርፍራይደር የተባለው የሰርፈሮች ማኅበር ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ2014፣ ያለ ፈቃድ በሩን መዝጋት የ1976ቱን የባሕር ዳርቻ ሕግ ይጥሳል ብሎ ወሰነ። በ2017 ይግባኝ ሰሚው አጸናው። በ2018 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የባለቤቱን አቤቱታ አላይም አለ። በመሀል ግዛቲቱ መተላለፊያውን ለመግዛት ስትደራደር ሰውየው ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ነበር። ይህን ስሰማ ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። ለመተላለፊያ ብቻ የተጠየቀው፣ ቦታው በሙሉ የተገዛበትን ያህል ነው ማለት ይቻላል።

የሪዞርቶቹን ወገን አልረሳሁም። ሰው ቀጥረዋል። ያ ጥበቃ ደመወዝ የሚበላው ከእነሱ ነው። ግቢያቸውን ያጸዳሉ፣ የሰው ሕይወት ይጠብቃሉ። በነጻ የሚገባበት የሐይቅ ዳር ምን እንደሚመስልም አይቻለሁ፤ ፕላስቲክ ጠርሙስና ፌስታል ሞልቶታል። ለዋና ገንዳው፣ ለአልጋው፣ ለጀልባው ያስከፍሉ፣ እኔም ደስ ብሎኝ እከፍላለሁ። ግን ሁለት ሜትር የማይሞላ የእግር መንገድ ከአጥሩ ጎን ቢተው ምን ይጎድልባቸዋል? በየዓመቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ሲከበር ሰው እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውኃው ይወርዳል፣ ነክሮ ያመሰግናል። ለዚህ አገር ሰው ሐይቅ የፎቶ ጀርባ ብቻ አይደለም።

ከአምስት ሦስት ኮከብ ሰጥቻለሁ። ሦስቱ ለንጽሕናው፣ ለጀልባው ጥንቃቄና ለጥበቃው ናቸው። የምትሄዱ ከሆነ በሥራ ቀን ሂዱ፣ ቅዳሜ ወንበር ማግኘት ትግል ነው። ለስኳር ሕመምተኛም ቢሆን ምግብ እንደማይገባ ቀድማችሁ እወቁ።

ስንወጣ አገልግሉን ተቀብለን ከበሩ ውጭ፣ ከአጥሩ ጥግ ቁጭ ብለን በላን። አባቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለጥበቃው ሰጠው። ልጁ ወደ ግቢው ዞር ብሎ አየና በሁለት እጁ ተደግፎ ጎረሰ።

ከዚያ በፊት እንግዳ መቀበያው ላይ ካለው የአስተያየት መዝገብ ላይ አንድ ነገር ጽፌ ነበር። "በግራ በኩል፣ ቆርቆሮው ባለበት፣ ለእግረኛ የሚሆን መውረጃ ክፈቱ። የት እንደነበረ አባቴ ያሳያችኋል" ብዬ ስልኬን አስቀመጥኩ። ልጅቷ አንብባ "ለሥራ አስኪያጁ አሳያለሁ" አለችኝ። እስካሁን አልደወሉም። ከደወሉ አባቴን ይዤ እሄዳለሁ፣ ያሉንንም እዚሁ እጽፋለሁ።