አኬናተን ግድግዳዬ ላይ፦ ሦስት ወር ከቅጂው ጋር

የጥንት ግብጽ የግድግዳ ቅርጽ ቅጂ ገዝቼ ከሰቀልኩ ሦስት ወር ሆነኝ። የመረጥኩት ፈርዖኑ አኬናተንና ሚስቱ ነፈርቲቲ ከሦስት ሴቶች ልጆቻቸው ጋር የተቀመጡበትን ነው። ዋናው ከክርስቶስ ልደት በፊት 1350 አካባቢ በኖራ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ሲሆን አሁን በርሊን ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው። አባትየው አንዷን ወደ ፊቱ አስጠግቶ ሊስማት ነው፣ ሁለቱ ደግሞ እናታቸው ላይ ናቸው፣ አንዷ ጭኗ ላይ አንዷ ትከሻዋ ላይ። ከላይ የፀሐይዋ ጨረሮች ጫፋቸው እጅ ነው። ጠላቱን በፀጉሩ ይዞ ከሚቀጠቅጥ ፈርዖን ይልቅ ይሄ ለሳሎን ይሻላል ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ግን አናደደኝ። ከጣሪያው አምፖል ፊት ለፊት ሰቀልኩት፣ ቀለም የተቀባ ካርቶን መሰለ። ልመልሰው ማሸጊያውን ሁሉ ስፈልግ ነበር። ማታ ላይ ጥግ ያለውን የቁም መብራት ሳበራ፣ አቤት! ፊቶቹ ብድግ አሉ።

ምክንያቱን በኋላ ነው የገባኝ። ይሄ ዓይነቱ ቅርጽ ከድንጋዩ ገጽ ከፍ ብሎ አይወጣም፣ የምስሉ ዙሪያ ወደ ውስጥ ይቆፈራል። ግብጾቹ በብዛት የውጭ ግድግዳ ላይ የሚጠቀሙበት ኃይለኛው ፀሐይ ጠርዙ ላይ ጥላ ስለሚጥልለት ነው። ከፍ ብሎ የሚወጣውን ግን ለውስጥ ክፍሎች ይመርጡት ነበር፣ ግብጽ ውስጥ አቢዶስ የሚባል ቦታ ያለው የፈርዖን ቀዳማዊ ሴቲ ቤተ መቅደስ ውስጥ ያሉትን ፎቶ አይታችሁ ከሆነ እነሱን ማለቴ ነው። ስለዚህ ስትገዙ መብራታችሁ ከየት እንደሚመጣ አስቡ። ከጎን ካልመጣ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ሥራው ራሱ ደህና ነው። ሬዚን (ፈስሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ ነገር) ከድንጋይ ዱቄት ጋር ነው፣ አንድ ጠንካራ ሚስማር ይበቃዋል። የጨረሮቹ እጆች ግን ሻጋታው ውስጥ ደብዝዘው እብጠት መስለዋል። ጥንታዊ እንዲመስል የቀቡት ቡናማ ነገርም አልተመቸኝም፤ ጥንት እኮ እነዚህ ቅርጾች ደማቅ ቀለም ነበራቸው፣ ሺህ ዓመታት ናቸው ያጠቡት።

በዚህ ተበረታትቼ ከሌላ ሻጭ አንድ ትንሽ፣ ጽሑፍ የሞላበት ጨመርኩ። እሱ ነው ያቃጠለኝ። በሂሮግሊፍ፣ ማለትም በጥንት ግብጾች የሥዕል ጽሑፍ፣ ሰዎቹና እንስሳቱ ፊታቸውን ወደ መስመሩ መጀመሪያ ነው የሚያዞሩት፣ ማንበብም ከዚያው በኩል ይጀመራል። የኔዎቹ ወፎች ግን በአንድ መስመር ላይ ግማሾቹ ወደ ቀኝ፣ ግማሾቹ ወደ ግራ ያያሉ! ለሻጩ ብነግረው «ዲዛይን ነው» አለኝ። ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያለው፣ የሚፈልግ ይውሰደው።

አኬናተን ግን አይነቀልም። ግድግዳው ላይ ሌላ ምንም አልሰቀልኩም፣ የጣሪያውንም አምፖል ማታ ማታ ማብራት ትቻለሁ።