ለውጭ መብራት ብልሽት ሙሉ የምርመራ ስካነር፦ የሚያሳየውና የማያሳየው

በቀድሞዎቹ መኪናዎች የመብራት ማብሪያው ሲከፈት ኤሌክትሪኩ በፊውዝና በሪሌ (በአነስተኛ ኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ) አልፎ ወደ አምፖሉ ይደርስ ስለነበር፣ መስመሩን ከባትሪ ጀምሮ የተከተለ ሰው የተቋረጠበትን ቦታ ማግኘቱ አይቀርም ነበር። በኮምፒውተር በሚታዘዙት መኪናዎች ግን ማብሪያው ለአምፖሉ ኃይል አይሰጥም፤ መብራትንና የመሳሰሉትን ለሚያዝዘው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ለቦዲ ኮንትሮል ሞጁሉ፣ ጥያቄ ብቻ ያቀርባል። ሞጁሉ የቁልፉን ሁኔታ፣ የብርሃን ሴንሰሩን ንባብና ከሌሎች ሞጁሎች የመጣውን መልእክት አገናዝቦ ማብራት አለማብራቱን ራሱ ይወስናል። ስለዚህ የፍሬን መብራት አልበራ ሲል ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ሞጁሉ እንዲበራ አዟል ወይስ አላዘዘም የሚለው ነው። ይህ ግምገማ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል ተብሎ የሚሸጠውን፣ በእጅ የሚያዘውንና የመኪናውን ሞጁሎች በሙሉ ያነባል የሚባለውን ስካነር ይመለከታል። የሞተር ምርመራውን ትቼ በውጭ መብራት ላይ ብቻ መዝኜዋለሁ።

በመጀመሪያ አንድ መደበላለቅ መጥራት አለበት። አነስተኛው ኮድ አንባቢም (መኪናው የመዘገበውን የብልሽት ኮድ የሚያሳየው) ሙሉው ስካነርም ከመሪው ሥር ባለው ባለ 16 ፒን ሶኬት ላይ ስለሚሰኩ ብዙ ገዢ ልዩነታቸው የስክሪኑ ስፋት ብቻ ይመስለዋል። ሶኬቱ በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ የሆነው የጭስ ልቀትን ለመቆጣጠር ነው፤ መኪና አምራቾች ለማንኛውም አንባቢ እንዲከፍቱት የተገደዱትም ይህንኑ ክፍል ነው። መብራት ከዚያ ውጭ ነው። በመሆኑም አነስተኛው አንባቢ የኋላ መብራቱ በሙሉ የጠፋ መኪና ላይ ተሰክቶ «ምንም ኮድ የለም» ቢል አልተሳሳተም፤ የሚያነበው የሞተሩን ክፍል ብቻ ነውና። በ«ቢ» የሚጀምሩትን የቦዲ ኮዶችና በ«ዩ» የሚጀምሩትን የመገናኛ መስመር ኮዶች በየአምራቹ ቋንቋ ገብቶ የሚያወጣው ሙሉው ስካነር ነው።

እኔ ግን ይህን መሣሪያ የምወደው በኮዶቹ አይደለም። ዋጋውን የሚያወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በቅጽበት የሚታየው የሞጁሉ መረጃና ሞጁሉን በቀጥታ የማዘዝ ችሎታው። የፍሬን ፔዳሉን ስረግጥ በስክሪኑ ላይ «የፍሬን ማብሪያ» ከሚለው መስመር ጎን ያለው ቃል «ጠፍቷል» ከሚለው ወደ «በርቷል» ይለወጣል። ካልተለወጠ ጉዳዩ ከፔዳሉ በላይ ባለው ማብሪያ ወይም በሽቦው ላይ ነው፤ ከኋላ ያለውን አምፖል መፍታት አያስፈልግም። ቃሉ ተለውጦ መብራቱ ካልበራ ደግሞ ፊት ለፊት ያለው ግማሽ ከጥርጣሬ ነጻ ሆኗል ማለት ነው። በአንድ ርግጫ ግማሹን መኪና ከምርመራው ማውጣት ትልቅ ነገር ነው።

የማዘዝ ችሎታው የበለጠ የጠቀመኝ የግራ የኋላ መብራቱ ግራ የሚያጋባ ጠባይ ባመጣ መኪና ላይ ነው። የፓርኪንግ መብራቱ በርቶ ፍሬን ሲያዝ የግራው ፍሬን መብራት ደብዝዞ ይበራል፤ ያልታዘዘው ፍሬቻም አብሮት በደካማው ይግላል። የወጣው ኮድ የግራ ፍሬን መብራት ሰርኪዩት ብልሽት እንዳለበት የሚገልጽ ነበር፤ ይህን የሚያነብ ሰው ወደ አምፖል መቀየር፣ ሲከፋም ወደ ሞጁል መቀየር ያዘነብላል። በስካነሩ የግራው ፍሬን መብራት ብቻ እንዲበራ አዘዝኩና ፔዳል የሚረግጥልኝ ሰው ሳያስፈልገኝ ከኋላ ሆኜ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለካሁ። አምፖሉ በቦታው እንደተሰካ ሞጁሉ በሚልከው ሽቦና በባትሪው ነጌቲቭ መካከል የተገኘው ቮልቴጅ ከባትሪው ብዙም አይርቅም ነበር፤ ሞጁሉና ሽቦው ደህና ናቸው። ከዚያም የቴስተሩን አንድ ጫፍ በአምፖሉ የማሳ ሽቦ (ኤሌክትሪኩ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው በሚመለስበት)፣ ሌላውን በባትሪው ነጌቲቭ ላይ አደረግሁ። እዚህ ላይ ከ0.1 ወይም ከ0.2 ቮልት በላይ መታየት አልነበረበትም፤ የታየው ግን ከ4 ቮልት በላይ ነው። ኤሌክትሪኩ በማሳው በኩል መመለስ ስላቃተው በሌሎቹ አምፖሎች ክር በኩል መውጫ ይፈልግ ነበር፤ ፍሬቻው ያለ ትእዛዝ የሚግለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ማሳውን ከቦዲው ጋር ያሰረው ብሎን ሲፈታ ከሥሩ ያለው ቀለበት አረንጓዴ ዝገት በልቶት ተገኘ። ተፍቆ ሲታሰር መብራቱም ተስተካከለ፣ ኮዱም ከተሰረዘ በኋላ አልተመለሰም።

መሣሪያው የማይናገረው ነገር እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ስካነሩ የሚያሳየው ሞጁሉ ያዘዘውን እንጂ አምፖሉ የደረሰውን አይደለም። በስክሪኑ ላይ «በርቷል» ተብሎ ተጽፎ ዓይን ፊት ያለው መብራት ጨለማ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስለዚህ ያለ ቴስተር ሙሉ መሣሪያ አይባልም። በቴስተር ሲለካም አምፖሉ መሰካት አለበት፤ ምክንያቱም አንድ ክር ብቻ የቀረው የተበላ ሽቦ ጭነት በሌለበት 12 ቮልት ያሳያል፣ አምፖሉ ሲሰካበት ግን ይወድቃል። ብዙ ሞጁሎች ደግሞ መብራቱን በፍጥነት እያበሩና እያጠፉ ስለሚያደበዝዙት ተራ ቴስተር አማካዩን ብቻ ያነባል፤ በፓርኪንግ ጊዜ የሚታየው ዝቅተኛ ቮልቴጅ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም።

ከመሣሪያው ውጭ ሊፈታ የማይችል አንድ የብልሽት ዓይነት አለ። በአዳዲስ ሞጁሎች ውስጥ በሪሌ ፋንታ ኤሌክትሮኒክ ማብሪያዎች ስላሉ፣ የተላጠ ሽቦ ከቦዲው ጋር ሲገናኝ ፊውዝ ሳይቃጠል ሞጁሉ ራሱ መስመሩን ይዘጋል። በአንዳንድ መኪናዎች ንክኪው ከተደጋገመ ሞጁሉ ያንን መስመር ይቆልፈዋል፤ ሽቦው ተጠግኖ አዲስ አምፖል ቢገባም በስካነር እስኪከፈት ድረስ መብራቱ አይመለስም። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ደህናውን ሞጁል አውጥቶ ሊጥል ይችላል፤ የመኪናው ባለቤትም ያለ ጥፋቱ ይከፍላል። ይህ በእጅጉ ያሳዝነኛል። መቆለፊያው ግን መከፈት ያለበት ንክኪው ከተገኘ በኋላ ነው፤ የሚጠረጠረውም በመጀመሪያ የኋላው ክዳን ማጠፊያ ላይ ያለው፣ በየመክፈቱና በየመዝጋቱ የሚታጠፈው የሽቦ ጥቅል ነው።

የኤልኢዲ አምፖል ጉዳይ አጭር ነው። 21 ዋት የሆነ የክር አምፖል በ12 ቮልት ወደ 1.75 አምፔር ይስባል፤ ኤልኢዲው የሚስበው ከዚያ በጣም ያነሰ ስለሆነ ሞጁሉ አምፖሉ እንደተቃጠለ ይቆጥረዋል፣ ፍሬቻውም በፍጥነት ይርገበገባል። ስካነሩ ኮዱን ይሰርዛል፣ ኮዱ ይመለሳል። የአምፖሉን ዓይነት በሞጁሉ ውስጥ ለመቀየር የሚፈቅዱ መኪናዎች ላይ መሣሪያው ይጠቅማል፤ በሌሎቹ ላይ ለመኪናው የተፈቀደውን አምፖል መመለስ ይሻላል።

የፊት መብራቱ አልጠፋ ሲል ደግሞ ብዙዎች የተጣበቀ ሪሌ ይፈልጋሉ። በብዙ ሞዴሎች ግን ሞጁሉ ከመብራት ማብሪያው ጋር መነጋገር ሲያቅተው፣ ሾፌሩ በጨለማ እንዳይቀር አጭሩን መብራት በራሱ ያበራል። ስካነሩ መልስ ያልሰጠውን ሞጁል ለይቶ ሲያሳይ ፍለጋው ወደ መገናኛ መስመሩ ይዞራል። ዋናው መስመር ካን የሚባለው፣ ሞጁሎች በሁለት ሽቦ መልእክት የሚለዋወጡበት ከሆነ፣ ባትሪው ተነቅሎ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ሲለካ ወደ 60 ኦም መታየት አለበት፤ በሁለቱ ጫፎች ያሉት 120 ኦም ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ሲነበቡ የሚሰጡት ይህን ነው። 120 ከታየ አንዱ ጫፍ ተቋርጧል።

የመሣሪያው ቅሬታዎች ጥቂት ባይሆኑም ክብደታቸው እኩል አይደለም። የኮድ ማብራሪያዎቹ ደረቅ ናቸው፤ ይህን መታገስ ይቻላል። የማዘዣው ሙከራ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ በራሱ መቋረጡ ቴስተር ለያዘ ሰው ያሰለቻል። በጣም የማይመቸኝ ግን የሞጁል ኮዲንግ ገጹ (የሞጁሉ ቅንብር የሚቀየርበት) ያለ በቂ ማስጠንቀቂያ ከተራው ምርመራ አጠገብ መቀመጡ ነው፤ ባትሪው ደክሞ ኮዲንግ መሃል ላይ ቢቋረጥ፣ አንድ መብራት ብቻ የጎደለው መኪና ከነጭራሹ ላይነሳ ይችላል። የተረጋጋ ቻርጀር ባትሪው ላይ ሳይደረግ ያ ገጽ መከፈት የለበትም።

ለመኪና ኤሌክትሪሺያንና የራሱን መኪና በጥንቃቄ ለሚጠግን ሰው መሣሪያውን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ አምፖል ብቻ ለሚቀይር ሰው ግን አያስፈልግም። ሊገዛ የተዘጋጀ ሰው በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የሞዴሎች ዝርዝር ማመን የለበትም፤ ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ የሞተሩን ምርመራ ብቻ ይቆጥራልና። ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት መሣሪያው በራሱ መኪና ላይ እንዲሰካለት ይጠይቅ፤ ወደ ቦዲ ሞጁሉ ገብቶም የግራና የቀኝ ፍሬቻ፣ የፍሬን፣ የፓርኪንግና የኋላ ማርሽ መብራቶች በየስማቸው ተለይተው መታዘዝ መቻላቸውን በዓይኑ ይይ።