ያረጀ ሚኒባስ ካምቢዮ፦ ማስጠገን፣ ማሳደስ ወይስ ያገለገለ መግዛት? ለደሴና ለኮምቦልቻ ባለንብረቶች

ደሴና ኮምቦልቻ የሚመላለስ አሮጌ ሚኒባስ ካምቢዮው መጮህ ሲጀምር ለባለንብረቱ ሦስት አማራጭ ይቀርብለታል። አንደኛው ካምቢዮውን አስከፍቶ የተበላውን ዕቃ ብቻ ማስቀየር ነው። ሁለተኛው ኩሽኔታውን፣ ሲንክሮውን (ማርሹ ሳይንቋቋ እንዲገባ የሚያደርገውን የነሐስ ቀለበት) እና ኦይል ሲሉን (ዘይቱ እንዳይፈስ የሚይዘውን ጎማ) በሙሉ አስቀይሮ ማሳደስ ነው። ሦስተኛው ያገለገለ ሙሉ ካምቢዮ ገዝቶ መግጠም ነው። አብዛኛው ሰው የሦስቱንም ዋጋ ጠይቆ ርካሹን ይይዛል። ነገር ግን ሦስቱ የአንድ በሽታ መድኃኒት አይደሉም፤ ምርጫውን የሚወስነው ካምቢዮው ውስጥ የተበላው ነገር ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በኋላ ጎማ ለሚነዳ፣ ባለ 5 ማርሽ የእጅ ካምቢዮ የተጻፈ ነው፤ ዶልፊኑም አባዱላውም እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

በመጀመሪያ ጥፋቱ የካምቢዮው መሆኑ ይረጋገጥ። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ረግጠው 4 ሰከንድ ያህል ይጠብቁና የኋላ ማርሽ ያስገቡ። ከተንቋቋ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም ማለት ነው፤ የፔዳሉ ልክ፣ የላይኛውና የታችኛው ሲሊንደር፣ በፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ አየር መግባቱም ይታይ። ሁሉም ማርሽ እኩል አልገባም ሲል የሚጠረጠረው ፍሪሲዮኑ ነው፤ አንድ ማርሽ ብቻ ሲንቋቋ ግን የዚያ ማርሽ ሲንክሮ አልቋል።

ድምፁም ቦታውን ይናገራል። መኪናው ቆሞ በዜሮ ማርሽ እየጮኸ ፔዳሉ ሲረገጥ ዝም ካለ፣ የመግቢያው ዘንግ (ከሞተሩ ጉልበት የሚቀበለው) ወይም የታችኛው ዘንግ (ጉልበቱን ወደ ማርሾቹ የሚያስተላልፈው) ኩሽኔታ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጀምር ጩኸት የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው፤ ለእሱ ካምቢዮው ይውረድ እንጂ አይከፈትም። በ1ኛ፣ 2ኛና 3ኛ እየጮኸ በ4ኛ ከቀነሰ ደግሞ የታችኛውን ዘንግ ይጠርጥሩ፤ በአብዛኞቹ ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮዎች 4ኛ ቀጥታ ስለሆነ ጉልበቱ በታችኛው ዘንግ አያልፍም።

ከዚያ ዘይቱ ንጹህ ዕቃ ላይ ይፍሰስ። የማፍሰሻው ብሎን ማግኔት ካለው፣ የያዘው ግራጫ ጭቃ መሳይ ነገር የተለመደ ነው። ወርቃማ ብልጭታ የሲንክሮ ነሐስ ነው። ስስ የብረት ቅርፊት የኩሽኔታ ወይም የጥርስ ገጽ መላጥ ነው። በጣት የሚያዝ፣ ጠርዝ ያለው ስብርባሪ ከወጣ ጥርስ ተሰብሯል፤ ከዚህ በኋላ የከፊል ጥገና ወሬ ይቁም።

አሁን ሦስቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው።

ከፊል ጥገና የሚያዋጣው ጥፋቱ አንድ ቦታ ላይ ተለይቶ ሲታወቅ፣ ማለትም አንድ ኩሽኔታ፣ አንድ ሲንክሮ ወይም የሚያፈስ ኦይል ሲል ሲሆን ነው። ዕቃው ትንሽ ነው፣ ቀኑም አጭር። ድክመቱ ግን ግልጽ ነው፦ ካምቢዮ ለማውረድና ለመግጠም የሚከፈለው የእጅ ዋጋ አንድ ኩሽኔታ ተቀየረም አምስት ያው ነው። ስለዚህ አንዱ ኩሽኔታ ተላጦ ከተገኘ፣ የተላጠው ብረት በዘይቱ ዞሮ ሌሎቹንም ነክቷቸዋልና አንዱን ብቻ መቀየር ከቁጠባ አይቆጠርም።

ሙሉ እድሳት ጥርሶቹ ጤነኛ ለሆኑ ካምቢዮ ምርጥ ነው፤ ለእኛ ከሦስቱ ቀዳሚው ምርጫ ይኸው ነው። ምክንያቱም የራስዎን ካምቢዮ ታሪክ ያውቃሉ፣ ከሞተሩና ከሻንሲው ጋር መግጠሙም አያጠራጥርም። ጥራቱ ግን በሠራተኛው እጅ ይወሰናል። ኩሽኔታ በመዶሻ እየተመታ ከገባ፣ ምቱ በኳሶቹ በኩል አልፎ መሮጫው ላይ ጠባሳ ይተዋል፤ አዲሱ ዕቃ ከሳምንታት በኋላ መጮህ ይጀምራል። ትክክለኛው በፕሬስ ማስገባት ወይም በዘይት ውስጥ እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አሙቆ በእጅ ማንሸራተት ነው። ጋራዡ ፕሬስ ከሌለው ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስገጠም ይቻላል፤ ይህን አስቀድመው ይጠይቁ። የሲንክሮ ቀለበት ሾጣጣው ላይ ተጭኖ በጥርሶቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት በፊለር (ክፍተት በሚለካ ስስ ምላጭ) ይለካል፤ በብዙ የቶዮታ ካምቢዮዎች ከ0.8 ሚሊ ሜትር ካነሰ ይቀየራል። በዓይን አይቶ «ገና ነው» የሚል መካኒክ አልለካም። የተሰበረ ጥርስ በብየዳ ሞልቶ በቶርኖ መቅረጽ የሚባለውን ግን አይቀበሉ፤ የብየዳው ሙቀት የጥርሱን ጥንካሬ ያጠፋዋል። ጥርስ ከተቀየረም አብሮት የሚነካካው ጥርስ አብሮ ይቀየራል።

ያገለገለ ካምቢዮ የሚመረጠው የታችኛው ዘንግ ጥርስ ሲሰበር ወይም የካምቢዮው ቤት ሲሰነጠቅ ነው። ከአዲስ አበባ ገበያዎች ሲመጣ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ካልገጠመ የመመለሻው ጭነትና የሚባክነው የሥራ ቀን በገዢው ላይ ነው። ስለዚህ ሊገዛ የሚሄደው ሰው የድሮውን የፍሪሲዮን ሸራ (ዲስክ) ይዞ ይሂድ። ሸራው በመግቢያው ዘንግ ጥርሶች ላይ ያለ ትግል መንሸራተት አለበት። የካምቢዮው ኮድ፣ የፊት ቀዳዳዎቹ አቀማመጥ፣ የኋላ መውጫው ፍላንጅና የፍጥነት መለኪያው መግቢያ ከድሮው ፎቶ ጋር ይነጻጸሩ።

ቀጥሎ በእጅ ይፈተን። የመግቢያው ዘንግ ጫፍ ወደ ጎን ትንሽ ቢወዛወዝ አይደንግጡ፤ መኪና ላይ ሲሆን ጫፉን የሚይዘው ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ የብረት ጎማ) መሃል ያለው ኩሽኔታ ነውና። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋ ግን ሊሰማ የሚችል ክፍተት ሊኖረው አይገባም። በየማርሹ እያስገቡ ያዙሩት፤ በ4ኛ መግቢያውና መውጫው እኩል መዞር አለባቸው፣ በ1ኛ መግቢያው ወደ 4 ዙር ሲጠጋ መውጫው አንድ ይዞራል። ይህን ከድሮው ጋር ያወዳድሩ፤ ቁጥሩ ከተለየ ሚኒባሱ ዳገት ላይ ይደክማል ወይም ሜዳ ላይ ሞተሩ ይጮሃል። መያዣ ጆሮዎቹ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይፈለግ። ታጥቦ አዲስ ቀለም የተቀባ ካምቢዮ ከቆሻሻው ይልቅ ያሳስባል፤ ቀለም የሚያፈስበትን ቦታ ይደብቃል። ውስጡ ዘይት ካለ ሻጩ ፊት ይፍሰስ። ተገዝቶ ሲመጣም ኦይል ሲሎቹ ሳይቀየሩ አይገጠም፤ ገና መሬት ላይ ሳለ መቀየር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

የደሴና የኮምቦልቻ አየር ፈተናውን ያሳስታል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ማለዳ ላይ ዘይቱ ይወፍራል፤ ማርሹ ይከብዳል፣ የኩሽኔታ ጩኸትም ይታፈናል። በ1,800ዎቹ ሜትር ላይ ያለችው ኮምቦልቻ እኩለ ቀን ላይ ያው ካምቢዮ ማርሹ ይለሰልሳል፣ ጩኸቱ ግን ይወጣል። ስለዚህ የተጠገነውን ደሴ ላይ በጠዋት ነድተው አይረከቡ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን ጭነት ይዞ በ2ኛና በ3ኛ ይወጣ። ቁልቁለቱ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው፦ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ጉልበቱ በጥርሶቹ ጀርባ በኩል ስለሚመጣ፣ ዳገት ላይ የማይዘል ማርሽ እዚህ ሊዘል፣ ማለትም በራሱ ሊወጣ ይችላል። ማርሹ ሲዘል ሞተሩ መኪናውን መያዝ ያቆማል፤ ፈተናው ያለ ተሳፋሪ፣ በዝግታ፣ አጭር ቦታ ላይ ብቻ ይደረግ።

ከሦስቱ የትኛውም ቢመረጥ አገጣጠሙ ላይ ሁለት ጥፋት ይደጋገማል። አንደኛው ካምቢዮውን በመግቢያው ዘንግ ብቻ ማንጠልጠል ነው፤ የፍሪሲዮኑን ሸራ መሃል ያጣምመዋል። በክሪክ ተይዞ፣ በሁለት ረጃጅም ብሎኖች ተመርቶ ይግባ። ሁለተኛው እምቢ ያለውን በብሎን ስቦ ማስገባት ነው፤ ጆሮውን ይሰብራል።

ዘይቱ እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ ድረስ ይሞላል፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ። ዓይነቱን ከመኪናው መመሪያ ያንብቡ እንጂ ጎረቤት መኪና የሚጠቀመውን አይቅዱ፦ ኢሱዙ ለብዙ ሞዴሎቹ ካምቢዮ የሞተር ዘይት ሲያዝ፣ ሌሎች 75ደብሊው-90 የማርሽ ዘይት ይፈልጋሉ። መመሪያው ጂኤል-4 (የማርሽ ዘይት ደረጃ ነው) ብቻ ካለ የዲፈረንሻሉን ጂኤል-5 አያስገቡ፤ የሲንክሮውን ነሐስ ሊበላው ይችላል። ታድሶ የተገጠመ ካምቢዮ የመጀመሪያ ዘይት 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይፍሰስና ማግኔቱ እንደገና ይታይ። ከጋራዡም ሆነ ከሻጩ ጋር የሚፈረመው ዋስትና ቢያንስ እስከዚያ ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ፣ ማርሽ መዝለልን በስሙ የሚጠቅስና የማውረጃውን የእጅ ዋጋ የሚጨምር ይሁን፤ «ዕቃውን እቀይራለሁ» የሚል ብቻ ከሆነ ሁለተኛውን የማውረጃ ሂሳብ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት።